ጋት አለፍኩ፣ ታዲያ ክላስ መቼ ነው? የታሪክ ማስተርስና ፒኤችዲ ማመልከቻ ውስጡ ሲታይ

ባለፈው ሰሞን ጎንደር አራዳ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ አንድ የማውቀው ልጅ ስልኩን አውጥቶ የጋት (የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ውጤቱን አሳየን፣ አልፏል፣ እንኳን ደስ ያለህ ተባለ፣ ቡናውም በሱ ሒሳብ ሆነ፣ ከዛ ወደኔ ዞር ብሎ "ቲቸር፣ ታዲያ ክላስ መቼ ነው የሚጀምረው?" አለኝ። የት አመለከትክ ስለው የትም። ምን ላይ ልትሠራ አስበሃል ስለው "ታሪክ ነዋ፣ ሌላ ምን አለ?" አለ።

ሳቅንበት፣ ግን ልጁ ላይ መፍረድ አይቻልም። ሁላችንም ያደግነው ተፈትነህ፣ ውጤትህ መጥቶ፣ ከላይ "አንተ እዚህ፣ አንቺ እዛ" ተብሎ በምትመደብበት ሥርዓት ነው። ከ12ኛ ክፍል ስንወጣ እንደዛ ነበር፣ ዲፓርትመንት ስንይዝም በነጥብ ነበር፣ እንደውም ብዙ ሰው ታሪክ ውስጥ የገባው ነጥቡ ሌላ ቦታ ስላላስገባው ነው (እኔን ጨምሮ፣ አልደብቅም)። ማስተርስና ፒኤችዲ ላይ ስትደርስ ግን የሚመድብህ የለም። የሆኑ አስተማሪዎች ጠረጴዛ ከበው ወረቀትህን እያነበቡ ይመርጣሉ ወይ ይተዋሉ። ስለዚ እነዛ ሰዎች ምን ፈልገው እንደሚያነቡ ማወቅ ግማሹን ሥራ ይጨርሰዋል።

ጋት ራሱ ምንድነው?

ጋት የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው፣ ትምህርት ሚኒስቴር በአገር ደረጃ ካስጀመረው ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ከኤግዚት ኤግዛም ጋር አታምታቱት፣ ኤግዚት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመጨረስ የሚሰጠው ነው፣ የራስህን የትምህርት ዘርፍ ነው የሚጠይቅህ፣ ማለፊያውም 50 ነው። ጋት ላይ ግን የአድዋ ጦርነት አይመጣም፣ የቋንቋ፣ የቁጥርና የማመዛዘን ጥያቄ ነው፣ የታሪክም የነርሲንግም ተማሪ እኩል ይቀመጥበታል። ለዚህ ነው ታሪክ አንደኛ የነበሩ ልጆች ሒሳቡ ላይ ተንገዳግደው የሚወጡት።

ነገርየው ጨረታ ላይ ሲፒኦ (የባንክ ማስያዣ) እንደማስያዝ ነው። ሲፒኦ ያላስያዘ አይወዳደርም፣ ያስያዘ ሁሉ ግን ጨረታውን አያሸንፍም። ጋት ካለፍክ በኋላ ዩኒቨርሲቲ መርጠህ፣ የዛን ዩኒቨርሲቲ ማስታወቂያ ጠብቀህ፣ በቀነ ገደቡ ታመለክታለህ፣ ዲፓርትመንቱ ደሞ በራሱ መንገድ ያጣራል፣ ለፒኤችዲ ሲሆን ብዙ ጊዜ የጥናት ሐሳብ ጽፈህ እንድታቀርብና በቃልም እንድትጠየቅ ይደረጋል። ሌላው ሰው የማያስበው ነገር፣ በቂ አመልካች ካልመጣ ፕሮግራሙ በዛ ዓመት ጭራሽ ላይከፈት ይችላል፣ ታሪክ ላይ ይሄ ይከሰታል። ስለዚ አንድ ቦታ ብቻ ተማምኖ መቀመጥ ጥሩ አይደለም።

መራጮቹ ምን እየፈለጉ ነው?

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። "ታሪክ በጣም እወዳለሁ፣ ብዙ አውቃለሁ" ማለት በቂ ይመስለናል፣ ማመልከቻ ስንጽፍም "ኢትዮጵያ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ ያላት አገር ናት" ብለን እንጀምራለን። አንባቢው ግን ይሄን ያውቃል፣ ከሱ በላይ የሚያውቀውም የለም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው አንተ የምትሟገትበት ነገር እንዳለህ ነው።

ሙግት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ድሮ በአደባባይ "በላ ልበልሃ!" ብሎ የሚነሳ ሰው ዝም ብሎ ተበደልኩ አይልም ነበር፣ ነገሩን ለይቶ ያቀርባል፣ ምስክር ይጠራል፣ ጉዳዩን ለማየት የሚችል ዳኛ ፊት ይቆማል። የታሪክ ማመልከቻም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው፣ የተለየ ጥያቄ፣ ምስክር የሚሆን ማስረጃ፣ ጥያቄውን ሊያይልህ የሚችል አስተማሪ። አንዱ ከጎደለ ሙግቱ ይወድቃል፣ ያንተ ጎበዝነት ሌላ ነገር ነው።

በምሳሌ እንየው። የኛን የጎንደር ፒያሳ ውሰዱ። ሁላችንም በየቀኑ የምናልፍባቸው የጣሊያን ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ቢጫ ቀለሙ ምናምን። ጣሊያን መጋቢት 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፣ ከተማዋን የአማራ ግዛት ብሎ ያደራጀው አስተዳደር ዋና ከተማ አደረጋት፣ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ላይ እዚሁ ተሸንፎ እጁን ሰጠ። በዛ አምስት ዓመት ከምናምን ውስጥ ያን ሁሉ ግንባታ አካሄደ።

አሁን አንድ ልጅ "ጎንደር በጣሊያን ዘመን" ብሎ ቢያመለክት ርዕስ አለው፣ ጥያቄ ግን የለውም። "የጣሊያን ወረራ በጎንደር ያስከተለው ተጽዕኖ" ቢልም ያው ነው፣ ትንሽ ኮት ለበሰ እንጂ። "እነዛን ሕንፃዎች በጉልበታቸው የሠሩት ሰዎች እነማን ናቸው፣ ከየት መጡ፣ ተገደው ነው ወይስ ተከፍሏቸው፣ ከነጻነት በኋላስ የት ገቡ?" ካለ ግን አንባቢው ወንበሩ ላይ ቀና ይላል። ምክንያቱም ይሄ መልሱ በቀላሉ ጉግል ላይ የማይገኝ ነው፣ ደሞም መልስ ሊኖረው የሚችል ነው። የጣሊያን አስተዳደር የደሞዝና የግንባታ ወረቀት ይጽፍ ነበር፣ ሮም ውስጥ የቅኝ ግዛት ዘመን መዝገቦች አሉ፣ ፎቶ አለ፣ እዚህ ደሞ ከአባታቸው የሰሙትን የሚያወሩ ሽማግሌዎች አሉ። ምስክር ተገኘ ማለት ነው። ከዛ ቀጥሎ አንባቢው "ጣሊያንኛ ይችላል?" ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱ "ጀምሬያለሁ" ከሆነም ያስኬዳል፣ ዝምታ ከሆነ ግን አያስኬድም።

ምስክሮቹ የት ነው ያሉት?

ይሄ ጥያቄ ጎንደር ላይ የተለየ ክብደት አለው እና ትንሽ ልቆይበት።

ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከቆረቆረ ጀምሮ ነገሥታቱ፣ እቴጌዎቹና አድባራቱ ሲያስጽፉ የኖሩት መጽሐፍ ብዙ ነው። ታዲያ አሁን የት አለ ብትል የተበታተነ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር መጥቶ ሲመለስ ይዞት የሄደው ብራና ኦክስፎርድ ነው ያለው። አጼ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ሲዘርፉ የአድባራቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ሄዱ፣ በ1860 ዓ.ም. ደሞ እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ የሚፈልጉትን መርጠው ወሰዱ፣ ወደ 350 ገደማ የሚሆኑት ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ (የሱዳን መሐዲስት ጦር) መጥቶ ከተማዋን ሲያቃጥል የቀረው ላይ ሌላ ጉዳት ደረሰ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች፣ እንዴት እንደተረፈች፣ ንቦች ወራሪውን አባረሩት የሚባለውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ይሄን ያነሳሁት ለቁጭት ሳይሆን ለማመልከቻው ስለሚጠቅም ነው። ስለ ጎንደር ዘመን ልሥራ የሚል ሰው ምንጩ በከፊል ለንደን፣ ኦክስፎርድና ፓሪስ መሆኑን አውቆ ከጻፈ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑ ከመጀመሪያው ገጽ ይታያል። ደግነቱ ደሞ አሁን ከፊሉ በኢንተርኔት ይታያል፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ብዙ ብራና ፎቶ አንስቷል፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለው ሂል ሙዚየም የሚባለው የብራና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከኛ አድባራትና ገዳማት የተቀረጹ በሺህ የሚቆጠሩ ማይክሮፊልሞች አሉት፣ ስምህን አስመዝግበህ በነጻ ታነባለህ። አዲስ አበባ ደሞ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ፣ ስድስት ኪሎ በድሮው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ።

እዚሁ ያለውም ቀላል አይደለም። ሰው ብራና ሲባል የሚታየው ሥዕሉና ቅዱስ ቃሉ ነው፣ ታሪክ የሚሠራ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያየው ኅዳጉን ነው። በጎንደር ዘመን የርስት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ለደብር አገልጋዮች የሚሰጠው የሪም መሬት ክፍፍል በወንጌሉ ባዶ ገጽና ዳር ዳሩ ላይ ይጻፍ ነበር፣ ሻጭ፣ ገዢ፣ ዋሱ፣ ዋጋው ሁሉ። ሴቶች መሬት ሲሸጡና ሲለውጡ የምናየው እዛ ላይ ነው። ስለ ተራው ሰው ኑሮ የሚያወራ ዜና መዋዕል አይኖርህም፣ ኅዳግ ግን አለህ።

ዩኒቨርሲቲ ነው የሚመረጠው ወይስ አስተማሪ?

አስተማሪ። ይሄን ለጎንደር ሰው ማስረዳት ቀላል ነው ምክንያቱም የቆሎ ተማሪ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ቅኔ የፈለገ ዋሸራ ይሄዳል፣ ድጓ የፈለገ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አባ፣ አቋቋም የፈለገ ደሞ ከየትም ተነስቶ ወደኛው በዓታ ይመጣል። ማንም ሰው "ትልቅ ደብር ነው" ብሎ አቋቋም ፍለጋ ዋሸራ አይወርድም። ፒኤችዲም እንደዛ ነው፣ ስሙ ዓለምን የናጠ ዩኒቨርሲቲ አፍሪካ ላይ የሚሠራ አንድም አስተማሪ ከሌለው ማመልከቻህን ማን ተከራክሮ ያስገባልሃል? ስሙ ብዙ የማይጠራ ነገር ግን የአፍሪካ ቀንድ ላይ የሚሠራ ሰው ያለበት ቦታ ይሻልሃል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ ከዛ በፊት የነበሩት የታሪክ ሊቃውንት እነ ታደሠ ታምራትና ባሕሩ ዘውዴ ፒኤችዲያቸውን የሠሩት ለንደን ሶአስ የሚባለው የምሥራቅና አፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ነው፣ እዛ የአፍሪካ ታሪክ የሚያስተምሩ ሰዎች ስለነበሩ። ዛሬም ሐምቡርግ ውስጥ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያና ኤርትራ ጥናት ማዕከል አለ (ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አንድ ቀን ሳይረግጥ በአጼ ፋሲል ዘመን ከኛው ሰው ከአባ ጎርጎርዮስ ግእዝና አማርኛ የተማረ ጀርመን ነው፣ እሱም መምህሩን ፈልጎ አግኝቶ ማለት ነው)።

ለእንግሊዝና ለጀርመን ፒኤችዲ ከማመልከትህ በፊት ለአስተማሪው ኢሜይል መጻፍ የተለመደ ነው፣ ግዴታ የሚሆንበትም አለ። አጭር ይሁን፣ ማን እንደሆንክ፣ ጥያቄህ ምንድነው፣ ከሱ ሥራ የትኛውን አንብበህ ወደሱ እንደመጣህ፣ አዲስ ተማሪ ይቀበል እንደሆነ። "ክቡርነትዎ" ማብዛት አያስፈልግም፣ ስኮላርሺፕ ስጡኝ ብሎ መጀመርም አያምርም። ለ50 ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል ኮፒ ማድረግ ደሞ ወዲያው ይታወቃል።

ወረቀቶቹስ?

ስቴትመንት ኦፍ ፐርፐስ የሚሉት ከላይ ያወራነውን ሙግት በአንድ ወይ በሁለት ገጽ መጻፍ ነው፣ የሕይወት ታሪክ አይደለም፣ "በልጅነቴ አያቴ ተረት ይነግሩኝ ነበር" የሚለውን አንድ መስመር ላይ አቁሙት። ፕሮፖዛል ግን ረዘም ይላል፣ እንግሊዝና አገር ቤት ለፒኤችዲ የሚጠይቁት እሱን ነው፣ ጥያቄው፣ ከዚህ በፊት ማን ምን አለ፣ ምንጩ የት ነው፣ በስንት ጊዜ ይሠራል።

ራይቲንግ ሳምፕል ደሞ አሜሪካኖቹ የሚጠይቁት የራስህ ጽሑፍ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ገጽ። ለዲግሪ የጻፍከው ሲኒየር ኤሴይ ወይ የማስተርስ ቴሲስህ አንድ ምዕራፍ ይሆናል፣ ግን እንደወረደ አይላክም፣ ምንጭ የጠቀስክበትና የራስህን ክርክር ያሳየህበት ክፍል ተመርጦ እንደገና ይሠራል። ለኔ ከሁሉም ወረቀት በላይ የሚወስነው ይሄ ነው፣ ስቴትመንት ላይ እችላለሁ ማለት ይቻላል፣ እዚህ ላይ ግን መቻልህ በዓይን ይታያል።

የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሪኮመንዴሽን፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ይጠየቃል። እዚህ ላይ እኛ አገር አንድ መጥፎ ልማድ አለ፣ አስተማሪው "አንተው ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ" ይላል። እኔንም አንዱ እንደዛ ብሎኝ ነበር፣ ሦስቱንም ራሴ ጻፍኩና ሦስቱም አንድ ሰው የጻፋቸው መሰሉ፣ ስለነበሩ። አሁን ደብዳቤው በቀጥታ ከአስተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲው ሲስተም ነው የሚገባው፣ ብዙ ጊዜም በተቋም ኢሜይል። መፍትሔው አስተማሪህን ከሁለት ወር በፊት ሄደህ ማግኘትና ስቴትመንትህን፣ የጻፍክለትን ፔፐር፣ ቀነ ገደቡን በአንድ ፌስታል አድርገህ መስጠት ነው። ሥራ የበዛበት ሰው ስለሆነ ማስታወስ ነውር የለውም፣ ደጋግመህ ደውል።

ትራንስክሪፕት ላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ኮስት ሼሪንግ ያልጨረሰ ሰው ቴምፖራሪ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ሲፈልግ ክፍያው ይመጣበታል፣ ይሄን ቀነ ገደብ ሳምንት ሲቀረው ማወቅ ያስለቅሳል። ስምህም ይታይ፣ "ፀሐይ" ትራንስክሪፕቱ ላይ በቲ ብቻ ተጽፎ ፓስፖርቱ ላይ በቲ ኤስ ከሆነ ሁለት ሰው ነህ። ፎርሙ "የቤተሰብ ስም" ሲልህ የአባትህን ስም ትሞላለህ፣ አንዴ የአባት ሌላ ጊዜ የአያት ካደረግክ ግን ሦስተኛ ሰው መጣ ማለት ነው። ዘመኑም አለ፣ 2014 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው ፎርሙ ላይ 2014 ብሎ ሲሞላ እነሱ ዘንድ ከእውነተኛው ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ይሆናል፣ ያኔ 9ኛ ክፍል ነበርክ።

ግእዝ የሚያውቅ ሰው ምን ይጠቀማል?

በጣም ብዙ፣ ሰው ግን ይደብቀዋል። የአብነት ትምህርት ቤት አልፈው መጥተው ሲቪ ላይ የማይጽፉ ልጆች አውቃለሁ፣ "ዘመናዊ ስላልሆነ" ብለው። ኧረ በናታችሁ! የውጭ ፒኤችዲ ተማሪ ግእዝ ለማንበብ ዓመታት ይፈጅበታል፣ ቅኔ የተቀኘ ልጅ ይሄን ይዞ ነው የሚገባው። አሜሪካ ውስጥ የታሪክ ፒኤችዲ ተማሪ ብዙ ጊዜ የምርምር ቋንቋ ፈተና ያልፋል፣ አንተ አማርኛና ግእዝ፣ ካለህም ትግርኛ ወይ ዐረብኛ ይዘህ መምጣትህ ትልቅ ነገር ነው። "ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት" ብለህ ከነመምህሩ ጻፈው።

አገር ቤት ወይስ ውጪ? ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

አገር ቤት ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው፣ መጨረሻው ቴሲስ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው መሥሪያ ቤቱ ስፖንሰር ካደረገው የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ ያመጣል፣ ካልሆነ ራሱ ይከፍላል። ለታሪክ የሚጠቅመው ምንጩም ሰዎቹም አጠገብህ ናቸው፣ ጉዳቱ ለፊልድ ወርክ የሚሰጠው ገንዘብ ትንሽ መሆኑ ነው።

አሜሪካ ማስተርስና ፒኤችዲ በገንዘብ በኩል ሁለት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው። የታሪክ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው የሚከፍልበት ነው፣ ፒኤችዲ ግን ጥሩ የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርቱን ክፍያ ትተው ስታይፔንድ የሚባል የኑሮ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ በምትኩ ለተወሰነ ጊዜ ረዳት ሆነህ ታስተምራለህ። ብዙ ሰው "ፒኤችዲማ ማስተርስ ከሌለህ አይሆንም" ይላል፣ አሜሪካ ግን በመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ማመልከት ይቻላል። ቀነ ገደባቸው ከኅዳር ጽዮን ማግስት እስከ ጥምቀት ሰሞን ነው፣ ጎንደር ላይ ሰው ሁሉ በእንግዳ ተወጥሮ ያለበት ሰዓት ማለት ነው፣ ስለዚ ከመስከረም ጀምሩ። መልስ የካቲትና መጋቢት ላይ ይመጣል፣ ፈንዲንግ የሰጠህን ዩኒቨርሲቲ እሺ ወይ እምቢ የምትልበት ቀን በብዙዎቹ ዘንድ ሚያዝያ 7 ነው፣ በነሱ ኤፕሪል 15። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና ብዙ የታሪክ ዲፓርትመንቶች ትተውታል፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው፣ ቶፍል ወይ አይኤልትስ፣ ግን ይጠየቃል፣ ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ስለሆነ በጣም ቀድማችሁ አትፈተኑ። የማመልከቻ ክፍያው በዶላር ነው፣ እሱን የሚያስቀር ፊ ዌይቨር ብዙ ቦታ አለ፣ ካልተገለጸም ኢሜይል ተደርጎ ይጠየቃል፣ አያሳፍርም።

እንግሊዝ ማስተርሱ አንድ ዓመት ነው፣ ቺቭኒንግ የሚባለው ስኮላርሺፕ ሙሉውን ይሸፍናል ግን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ማለትም 2,800 ሰዓት ይጠይቃል፣ ጨርሰህም ሁለት ዓመት አገርህ ትመለሳለህ። ለጀርመን ዳድ የሚባለው ስኮላርሺፕ ሰጪ አለ። ቪዛ ራሱን የቻለ ሌላ ጣጣ ነው፣ ሌላ ቀን።

ሳይቀበሉኝ ቢቀሩስ?

ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ምክንያቱን አይነግሩህም። ዲፓርትመንቱ በዓመት የሚወስደው ጥቂት ሰው ነው፣ በዛ ዓመት አፍሪካ ላይ ሰው አንወስድም ብለውም ሊሆን ይችላል፣ አስተማሪው ዕረፍት ወጥቶም ሊሆን ይችላል። ራይቲንግ ሳምፕሉን አሻሽሎ በዓመቱ እንደገና ማመልከት የተለመደ ነው፣ በሁለተኛው ዙር የገቡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ያ የቡናው ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ በቴሌግራም ጻፈልኝ። አዘዞ ያሉት አያቱ፣ አባታቸው ለጣሊያን ድንጋይ ይጠርቡ ነበር እያሉ ሁልጊዜ ያወራሉ አሉ፣ እሱ ልጅ ሆኖ ይሰለቸው ነበር። "ቲቸር ይሄ ነገር ይሆናል እንዴ?" ይላል። አያትህ ስንት ዓመታቸው ነው አልኩት፣ ሰማንያ ሰባት አለ። ፕሮፖዛሉ ይቆይ፣ ስልክህ ላይ ሪኮርደር አለ አይደል፣ ነገ ጠዋት ታክሲ ይዘህ አዘዞ ውረድ አልኩት።